የታሰረ ሰው ቃል

"ወፍሯል እኮ!" አለች አገኘሽ። "አያ ታንጉ፣ አዩልኝ? ወንድሜን አፈር ተጭኖት እሱ ወፍሯል!"

አጎቷ አያ ታንጉ ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ። ወንድሟን በመግደል የተከሰሰው ደረበ በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆኖ የገንዳ ውሃ ከተማን ፍርድ ቤት ግቢ እያቋረጠ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጢሙ ተላጭቷል፣ አረማመዱም ሰርግ እንደተጠራ ሰው የረጋ ነው። አገኘሽ ከኒሟ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሆና የችሎቱ በር እስኪውጠው ድረስ ዓይኗን ከጀርባው አልነቀለችም። የሚያዝያ ፀሐይ አሸዋውን አፍልቶታል፤ የእሷ ደም ግን ከአሸዋው ቀድሞ ከፈላ ቆይቷል።

"እንኪ፣ ውሃ ጠጪ" አለቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ረቢዓ። ረቢዓ ሽንፋ ገበያ ላይ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። ዛሬ ማንም ሳይጠራት፣ "ከወንድ መሀል ብቻሽን አትቆሚም" ብላ ሱቋን ዘግታ አብራት መጣች።

"ይሄንን ውሃ አያበርደውም።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ወላሂ፣ ብደፋብሽ ትጨሺያለሽ።"

አገኘሽ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ግን ሳቅ ሲመጣ ውባንተም አብሮ ይመጣል፤ እሱ ነበር እንዲህ እያለ የሚያበሽቃት። ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ከጀርባዋ አውርዳው አታውቅም፤ ሲጎረምስ አብደራፊ ወርዶ ትራክተር መንዳት ተማረ፤ በኋላም ነጭ ግራር በምትባለው መንደር የራሱን የሰሊጥ ማሳ ያዘ። ባለፈው ጥቅምት ከማሳው ዳስ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። የገደለው ሰው ክላሹንም ይዞበት ሄዷል።

ዐቃቤ ሕጓ ሰርካለም ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ገና ወጣት ናት፤ ላብ ፊቷን አጥቦታል።

"እትዬ አገኘሽ፣ ቀጥሎ የሚገቡት እርስዎ ነዎት። የሚሊሻዎቹ ቃል ደረበ በፈቃዱ መርቶ ጉድጓዱን እንዳሳየ ይላል። ክላሹ ሲወጣ እርስዎም ነበሩ። ያዩትን ይናገሩ፣ በቃ።"

"በፈቃዱ ነው እንጂ!" አሉ አያ ታንጉ ቀደም ብለው። "ማን ምን ብሎት?"

ሰርካለም አያ ታንጉን አየት አደረገቻቸው። ሌላ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው፤ ሄደች።

*

ነጭ ግራር ላይ የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ አገሩ አውጫጭ ይቀመጣል። ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ትራክተር ነጂው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና "አየሁ" ወይም "ሰማሁ" የሚል ሰው እስኪገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ከደጋ የመጡ አባቶች ይዘውት የወረዱት ሥርዓት ነው። የአውጫጭ ጉልበቱ ትዕግሥት ነው። አንዱን መቀመጥ ይሰለቸዋል፣ አንዱን ልጆቹ ይናፍቁታል፣ አንዱን የሚያውቀው ነገር ሌሊት አላስተኛ ይለዋል፤ በመጨረሻ አንድ አፍ ይከፈታል።

የሰሊጥ አገር ግን በጥቅምት ትዕግሥት የለውም። ሰሊጥ አፉን ከከፈተ ንፋስ በነካካው ቁጥር ፍሬውን ለመሬት ይሰጣል። አጫጁ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ማሳው ሲረግፍ እየታየ፣ ሽማግሌዎቹ የውባንተን ስም ያነሡና ዓይናቸውን ወደ ማሳቸው ይጥላሉ። አገኘሽ ይህንን አየች። ነገ ጠዋት "እግዚአብሔር ይፍረድ" ብለው ሊበተኑ እንደሆነ ገባት። ያኔ ነው ከሰሊጥ ሸራው ላይ ገመዱን ፈትታ ከመሀል የወረወረችው።

"እናንተ ቸኩላችሁ እንደሆነ እኔ አስቸኩለዋለሁ!" አለች።

መጀመሪያ ያሰሩት ይማም የሚባል ከወሎ የመጣ አጫጅ ነበር፤ ወገን የለውማ። ከትራክተሩ ማረሻ ዲስክ ላይ በጀርባው አጋድመው የፊጥኝ አሰሩት። ፍም የመሰለውን ብረት በቀን ፀሐይ ማን ይችለዋል? ጥቂት እንደቆየ "በቃ እኔው ነኝ፣ ገደልሁት፣ ክላሹንም ወንዝ ጣልሁት" አለ። ወንዙ ታሰሰ፤ ምንም የለም። ደግሞ ከዳሱ ማዶ የነበሩ አጫጆች ይማም ውባንተ በሞተበት ሰዓት በወባ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ አጠገባቸው እንደነበር ማሉ። ፈቱት። ማንም ይቅርታ አላለውም።

ቀጥሎ ደረበን አሰሩ። ከውባንተ ጋር በማሳ ድንበር ተጣልቶ ያውቃል። እሱን ሲያስሩ ቋጠሮውን ያጠበቀችው አገኘሽ ራሷ ናት፤ ጉልበቷን ትከሻው ላይ ተክላ። ፀሐይዋ ዞር ስትል "ከማሽላ ጉድጓዴ ነው" አለ። ፈቱት፤ ተነሥቶ መቆም ስላቃተው ደግፈው ወሰዱት። ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ማሽላው ተዛቀ፤ ከሥር የውባንተ ክላሽ ወጣ። አገኘሽ ክላሹን አቅፋ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሽማግሌዎቹም በዚያው ቀን ተበትነው ወደ ሰሊጣቸው ሮጡ።

*

ሚሊሻው መሠረት መስክሮ ሲወጣ ፊቱ ላይ ፀሐይ ወጥታበት ነበር። ከኒሟ ሥር መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

"አበቃለት" አለ። "ምን የመሰለ ቃል ሰጠሁ መሰላችሁ! ሻይ አጠጣነው አልሁ። ከዚያ ጨዋታ ሲደራ፣ እየሳቀ፣ 'ኑ ላሳያችሁ' ብሎ መራን አልሁ።"

"እየሳቀ?" አለች አገኘሽ።

"እ?"

"እየሳቀ ነው ያልኸው?"

"ታዲያ ምን ልበል፣ እታለም? ዲስክ ላይ ጠብሰነው ልበል?"

አያ ታንጉ በከዘራቸው እግሩን ነካ አደረጉት። "ዝም በል አንተ፣ ግቢ ውስጥ ነን።"

አገኘሽ ልትመልስለት ስትነሣ የችሎቱ አስተናጋጅ ስሟን ጠራ። ያ "እየሳቀ" የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባት ገባች።

መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛ ማለች። ክላሹ ከዳኞቹ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ታስሮበት ተጋድሟል። ብረቱ እጁን እንዳያቃጥለው ውባንተ ሰደፉን በትራክተር ካላማዳሪያ፣ በጎማው የውስጥ ላስቲክ ጠቅልሎ በሰማያዊ የጆንያ ክር ሰፍቶት ነበር፤ ስፌቱ እንዳለ ነው። ሰርካለም ጠየቀቻት፤ መለሰች። አዎ፣ የወንድሜ ነው። አዎ፣ ከጉድጓዱ ሲወጣ አይቻለሁ። አዎ፣ ጉድጓዱ የደረበ ነው። ሰርካለም "ጨርሻለሁ" ብላ ተቀመጠች።

የደረበ ጠበቃ አብዱልሀኪም ተነሡ። ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

"ወይዘሮ አገኘሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ተከሳሹ ጉድጓዱን ከማሳየቱ በፊት የት ነበር?"

"ሜዳው ላይ።"

"ምን ሲያደርግ?"

"እንደ ሰዉ ሁሉ... ነበር።"

"አቶ መሠረት የሚባሉት ሚሊሻ ሻይ ሲጠጣ ነበር ብለውናል። ከዚያም እየሳቀ መራን ብለዋል። እርስዎም ሲስቅ አይተውታል?"

አገኘሽ ደረበን አየችው። ወለሉን ያያል። ከዚያ ክላሹን አየች። ሰማያዊው ክር በዓይኗ ውስጥ ተሸከረከረ።

"ሲስቅ?" አለች። ድምፅዋ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። "በወንድሜ ደም ላይ ማን ነው የሚስቀው? ማንም አልሳቀም! እያለቀሰ ነው የመራን! ከዲስኩ ላይ ስንፈታው የጀርባው ቆዳ ብረቱ ላይ ቀርቶ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ!"

ሰርካለም ዓይኗን ጨፈነች።

"ማን ነው ያሰረው?" አሉ የመሀል ዳኛው።

"እኔ ነኝ! በዚህ እጄ! ምነው፣ የማፍር መሰለዎት? ዛሬም ስጡኝ፣ ዛሬም አስረዋለሁ!"

ይህንን ስትል ደረቷን ነፍታ ነበር። እውነቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እንደጣለችው ነው የመሰላት፤ አሁን ማንም ሊክደው የማይችል መሰላት። አብዱልሀኪም ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም። መነጽራቸውን አውልቀው በካባቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ከደረበ በፊት ሌላ የታሰረ ሰው ነበር?"

"ነበር። ይማም የሚባል አጫጅ።"

"እሱስ ምን አለ?"

አሁን ገባት። ዘግይቶ ገባት።

"ወይዘሮ አገኘሽ፣ ምን አለ?"

"...ገደልሁት አለ።"

"ገድሎ ነበር?"

"አልገደለም።"

"ታዲያ ለምን አለ?"

"ፀሐዩን ሊሸሽ" አለች በመጨረሻ።

"ጥያቄ የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

*

ዳኞቹ ወጥተው ተመካከሩና ተመለሱ። የመሀል ዳኛው ከወረቀት ላይ አነበቡ። በማስገደድ የተገኘ ቃል በሕገ መንግሥቱ ማስረጃ አይሆንም። ክላሹም የተገኘው በዚያው ቃል ስለሆነ ከክሱ ውጭ ነው። የታሰሩት ሰዎች ነገር ተለይቶ ይጣራ። ዐቃቤ ሕግ ከዚህ ሌላ ማስረጃ ካለው እስከ ነገ ጠዋት ያቅርብ፤ ከሌለው ተከሳሹ በነፃ ይሰናበታል።

"ብረት ተገርፎ ይዋሻል እንዴ?" አገኘሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። "እሺ፣ ሰው ሲያስሩት ይቀባጥራል፣ እሺ! ክላሹን ማን አሰረው? ክላሹ የወንድሜ አይደለም ወይ? ከእሱ ጉድጓድ አልወጣም ወይ?"

ፖሊሱ ወደ እሷ ተራመደ። ዳኛው በእጃቸው አስቆሙት።

"ብረት አይዋሽም፤ ልክ ነዎት" አሉ። "ግን ከጉድጓድ አገኘነው የሚሉኝ ሰዎች ዛሬ ጠዋት እዚሁ ፊቴ ቆመው 'እየሳቀ መራን' ብለው በእግዚአብሔር ስም ምለዋል። አንዱን የዋሸኝ ሰው ሌላውን በምን ላምነው? የታሰረው ከሕመሙ በቀር የሚያየው የለ፤ ጉድጓዱን የከፈታችሁ እናንተ፣ ያያችሁ እናንተ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው የጠላውን አስሮ፣ የራሱን ብረት ከሰው ጉድጓድ ጨምሮ ቢመጣ ምን ብዬ ልመልሰው ነው? ይቀመጡ።"

አልተቀመጠችም። ወጣች።

ውጭ መሠረት ጠበቃት። "አሳሰርሽኝ አይደል? ለአንቺ ብዬ ምዬ!"

"ለእኔ ብለህ? ለሰሊጥህ ብለህ ነው እንጂ! ለእኔ ብለህማ ቢሆን አንድ ቀን ጨምረህ ትቀመጥ ነበር!"

"አፍሽ ነው ያስለቀቀው" አሉ አያ ታንጉ። "ወንድምሽን ሁለተኛ ገደልሽው። ዝም ብለሽ 'አዎ፣ ሲስቅ አይቻለሁ' ብትዪ ምን ነበረበት? አሁንማ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ይውጣ ብቻ፤ ደማችንን እኛው እንመልሳለን። ከመተማ እስከ ገለጉ ዱር ነው።"

"እንዲያ ነው አንቱ? ደሞ ሌላ ገመድ ሊያቀብሉኝ ነው?"

"ገመዱንስ አንቺው ነሽ ያመጣሽው!"

ፊቷን አዞረችባቸው። ረቢዓ ከአግዳሚው ተነሥታ ቆማ ነበር፤ ጠርሃዋን ከራሷ ላይ አውርዳ እንደገና እያጠማዘዘች ትጠቀልላለች። ሲጨንቃት የምታደርገው ነው።

"አገኘሽ" አለች። "እኔ ያንን ክላሽ አይቼዋለሁ።"

"የት? ውስጥ አልገባሽም እኮ።"

"ዛሬ አይደለም። ውባንተ በተቀበረ ማግስት። ደረበ በጆንያ ጠቅልሎ ሱቃችን አምጥቶት ነበር፤ ወንድሜ ሙዓዝ ወደ ሱዳን እንዲያሻግርለት። ሙዓዝ 'ኻላስ፣ በቃ፣ ከዚህ ጥፋ' ብሎ አባረረው። ጆንያው ሲገለጥ ግን ሰደፉን አየሁት። ያንን ክር ለውባንተ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ ነው የሰፋው።"

አገኘሽ ጆሮዋን አላመነችም። ቀጥሎ የመጣው ግን ደስታ አልነበረም።

"እና ዝም አልሽ? ይህን ሁሉ ወር አብረሽኝ እየበላሽ፣ አብረሽኝ እያለቀስሽ ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች ረቢዓ፤ የእሷም ድምፅ ጠነከረ። "ለአውጫጩ መጥቼ ነበር እኮ! ከሜዳው ጫፍ ይሄው መሠረት አቆመኝ። 'የገበሬ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴ አይገባም፣ ሴትም አትገባም' አለኝ። በል፣ ካድ!"

መሠረት ኮፍያውን አጠለቀ። አልካደም። አውጫጭ ሁሌም እንዲያ ነው፤ መሬት ያለውና መሬት የሚያርሰው ይጠራል፤ ሱቅ ያለው ምን ያውቃል ተብሎ ይተዋል። የዚያን ቀን ከሴት ወገን የተቀመጠችው የደሙ ባለቤት አገኘሽ ብቻ ነበረች።

"አንቺንም አስጠርቼሽ ነበር" አለች ረቢዓ። "ገመድ በእጅሽ ይዘሽ መጣሽ። 'ለልቅሶ ከሆነ ቤት ጠብቂኝ' ብለሽኝ ተመለስሽ። ማታ ክላሹ ተገኘ ተባለ። ከተገኘማ የእኔ ቃል ምን ያደርግላታል ብዬ ተውሁት።"

አገኘሽ ያንን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። የገመዱን ሻካራነት ታስታውሳለች። የረቢዓን ፊት ግን ከየትም አላገኘችውም። ረቢዓ መጥታ እንደነበር እንኳ አታስታውስም። ይህ ከሁሉ በላይ አናደዳት፤ በማን ላይ እንደተናደደች ግን መለየት አልቻለችም። የረቢዓን እጅ ከአንጓው ጨብጣ ወደ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ መጎተት ጀመረች።

"ቆይ፣ አገኘሽ። ቆይ እንጂ! ሙዓዝ ሱዳን ገዳሪፍ ነው፤ ስልኩም አይሠራም። ብቻዬን ነኝ። የደረበ ወንድሞች ሱቄን ያውቁታል..."

"ነይ ብዬሻለሁ!"

"ልቀቂኝ!"

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ረቢዓ እግሯን አሸዋው ላይ ተክላ ቆመች።

"እጄን ልቀቂኝ፣ አገኘሽ። እንዲህ እየጎተትሽ አስገብተሽኝ የምናገረው ቃል ለማን ይበጃል? እንደ ይማም ልታደርጊኝ ነው?"

አገኘሽ ወደ ታች አየች። ጣቶቿ በረቢዓ ሥጋ ውስጥ ሰምጠዋል፤ አምባሮቹ ቆዳዋ ላይ ተጭነው ዙሪያቸው ነጭ ሆኗል። ልትለቅ ፈለገች፤ ጣቶቿ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣት እምቢ አሏት። አንድ በአንድ ነቀለቻቸው።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ጎትቻት እንጂ!" አሉ አያ ታንጉ ከኋላ። "ነገ ጠዋት ነው ያሉሽ! ካልገባች ሊወጣ ነው!"

"ዝም ይበሉ!" አለች አገኘሽ። በዕድሜዋ አያ ታንጉን እንዲህ ብላቸው አታውቅም። "ያኔም 'ቶሎ ቶሎ' እያላችሁ ነው እዚህ ያደረሳችሁኝ! ዝም ይበሉ፣ አይንኳት!"

ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጎጠቻቸው። ንዴቷ አልወረደም። ደረበ ሲወጣ ታያት፤ ሽንፋ ገበያ ቆሞ ሲሳለቅ፤ የውባንተን ማሳ በዲስክ ሲገለብጥ። ረቢዓን ልትለምናት፣ ልትሰድባት፣ እግሯ ላይ ልትወድቅ ፈለገች። ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች።

ረቢዓ አንጓዋን እያሻሸች ቆማ ቀረች። ወደ ግቢው በር አየች፤ ባጃጆቹ ጥላ ይዘው ተደርድረዋል። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ለሩፊዳ ደወለችላት፤ "ሱቁን ዛሬ እንዳትከፍቺ፤ ከአክስትሽ ዘንድ ሂጂና እዚያው እደሪ" ስትል ተሰማ። ስልኩን ዘጋች። ጠርሃዋን ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቃ ጠቀለለች፤ አገኘሽን ሳታያት አልፋ የዐቃቤ ሕጓን በር አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ ከኋላዋም ተዘጋ።

አያ ታንጉ ቀስ ብለው መጥተው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ።

"ምን በይ አልሻት?"

"ምንም" አለች አገኘሽ፤ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ሳታወጣ።